ራስን ስለ መካድና ስለ ስም ፍቅር

አንባቢ ሆይ፤ ከጉና ተራራ በታች በደብረ ታቦር ከተማ የምትኖር ወይም በዚያ የምትማር እንደ ሆንህ፥ የከተማህ ስም ከወንጌል ታሪክ የተወሰደ መሆኑን ከሕፃንነትህ ጀምረህ ታውቃለህ። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፥ ችቦ ሲበራ፥ ሙልሙል ሲታደል፥ በዓሉና ከተማው አንድ ስም መያዛቸውን አስበህ ደስ ይልህ ይሆናል። ዳሩ ግን ቅዱስ ሉቃስ የዚያን ተራራ ታሪክ በጻፈበት በዘጠነኛው ምዕራፍ፥ ከታሪኩ በፊትና ከታሪኩ በኋላ ምን እንዳለ ተመልክተህ ታውቃለህን?

ምዕራፉን ከፍተህ በቀስታ አንብበው። አስቀድሞ ጌታችን ሊከተለው የሚወድ ሰው ሁሉ ራሱን ክዶ መስቀሉን ዕለት ዕለት ሊሸከም እንዲገባው ያስተምራል። ስምንት ቀን ያህል ካለፈ በኋላ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ መልኩም በፊታቸው ይለወጣል። ጴጥሮስም ያን ክብር ባየ ጊዜ እዚያው ዳስ ሠርቶ መቀመጥን ይመኛል። በማግሥቱ ይወርዳሉ። ከወረዱም በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ደቀ መዛሙርት ከመካከላቸው የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ ይከራከራሉ። ወዲያው ዮሐንስ ከእነርሱ ጋራ የማይሄድ አንድ ሰው በጌታ ስም አጋንንት ሲያወጣ አይተው እንደ ከለከሉት ይናገራል። ከዚያም ያዕቆብና ዮሐንስ አላሳድርም ያላቸውን የሳምራውያን መንደር ከሰማይ እሳት ወርዶ እንዲያጠፋው ፈቃድ ይለምናሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው። እሳት የለመኑትም ሁለቱ ሰዎች በተራራው ላይ ብርሃኑን ካዩት ከሦስቱ ወገን ናቸው።

ይህን የጻፍሁት ሐዋርያትን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ማን ነኝ? ነገር ግን ብርሃን ማየት ብቻ ሰውን ከራሱ እንደማያላቅቀው ከዚህ እንማራለን። ትምህርቱን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ክብሩን በዓይናቸው አይተዋል፤ ሆኖም በልባቸው ውስጥ የተቀመጠው "እኔ" የሚል ድምፅ ከእነርሱ ጋራ ተራራውን ወጥቶ ከእነርሱ ጋራ ወረደ። በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ወደ ጸሎት ይዘነው እንገባለን፤ ይዘነው እንወጣለን።

አሁን ራስን መካድ ማለት ምን እንዳይደለ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታልና። ራስን መካድ ራስን መጥላት አይደለም። "እኔ ምናምን ነኝ፥ እኔ አፈር ነኝ" እያሉ በሰው ፊት መናገርም አይደለም፤ ይህን ከሚናገሩት ሰዎች አብዛኞቹ ሌላ ሰው "አዎን፥ አፈር ነህ" ቢላቸው ይቈጣሉ። በሩቅ ምሥራቅ አገር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ በሰሜን ሕንድ የተነሣው ቡድሃና ደቀ መዛሙርቱ፥ "እኔ" ብለን የምንጠራው ጽኑና ዘላቂ ነገር በእውነቱ እንደሌለ፥ ሰውም ይህን ባወቀ ጊዜ ከምኞትና ከመከራ እንደሚያርፍ ያስተምራሉ። በዚህ ትምህርት ውስጥ ስለ ምኞት ከንቱነት ጥልቅ ማስተዋል ስላለ እኔ አልንቀውም። የክርስቲያን ትምህርት ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል ይላልና፥ ራስ የሌለ ወይም የተናቀ ነገር ነው አይልም። ባልንጀራውን እንደ ራሱ አድርጎ እንዲወድ የታዘዘ ሰው፥ ራሱ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ በምን መለኪያ ይወድደው ነበር?

ቀና ብለህ ጉናን ተመልከት። ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ዝናሙን ይቀበላል፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ወደ ጣና ይገባሉ። ጉና ወንዞችን ስለ ሰጠ አላጠረም። የሚካደው ነገር ራስ አይደለም፤ ሁሉን ነገር ወደ ራስ የሚመልሰው ልማድ ነው እንጂ። ሰው ሲመሰገን "ስለ እኔስ ምን ተባለ?" የሚል፥ ሰው ሲሞት "እኔን ማን ያስተዛዝነኛል?" የሚል፥ በጸሎትም ጊዜ እንኳ ጸሎቱን ትቶ ጸላዩን የሚመለከት ያ ዓይን ነው። የቀድሞ አባቶች ለዚህ ነገር ጥሩ ስም አውጥተውለታል፤ ከንቱ ውዳሴ ይሉታል።

አባቶቻችን ይህን ዓይን ለመክደን ብርቱ ሥርዓት ሠርተዋል። አንድ ሰው ሊመነኩስ በወደደ ጊዜ በሕይወቱ ሳለ የሙታን ጸሎት፥ ይኸውም ፍትሐት ይደረግለታል። ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። አንዳንዱም የቀድሞ ስሙን ይተዋል። የገዳም ሰዎች የሚማሯቸው ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፥ ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፥ ስለዚህ ስውር ጠላት ብዙ ይናገራሉ። ማር ይስሐቅ ራሱ በ7ኛው መቶ ዘመን በነነዌ ጳጳስነት ተሹሞ ከጥቂት ወራት በኋላ መንበሩን ትቶ ወደ በረሓ የሄደ ሰው ስለ ነበረ፥ የሚጽፈውን ያውቃል።

በእኛም አገር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ የሚሄደው ተማሪ፥ የባለጸጋ ልጅ ቢሆን እንኳ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ስለ ማርያም ስም እያለ በየደጁ ይለምን ነበር፤ አሁንም በየጉባኤ ቤቱ የሚለምን አለ። ውሻ ይነክሰዋል፤ አንዳንዲት ሴት ትራራለታለች፤ አንዳንዱ ባላገር ይሰድበዋል። ይህ ስለ እንጀራ ብቻ የተሠራ ሥርዓት አይመስለኝም። ነገ መምህር ሆኖ ሰው ሁሉ እጅ የሚነሣው ሰው፥ ዛሬ በሌላ ሰው ደጅ ቁሞ እምቢታን እንዲቀምስ ነው።

ዳሩ ግን ያ ስውር ዓይን ብልህ ነው። ተማሪው ሸምግሎ መምህር በሆነ ጊዜ "እኛ በዘመናችን ቍራሽ ለምነን፥ በውሻ ተነክሰን ነው የተማርን፤ የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል!" ሲል ሰምተኸው አታውቅምን? ትሕትናን ሊያስተምር የተሰጠው ልመና የሚታበይበት ማዕረግ ሆነለት ማለት ነው። መነኩሴውም እንዲሁ የቆቡን ጥቁረት ሊወድ ይችላል። የሚጾመውም ሰው ጾሙን ሌላው ሰው ካልጾመው ጋራ ሊያስተያይ ይችላል። ራስን ለመካድ የተሠራ ሥርዓት ሁሉ ራስን ለማክበር ሊያገለግል እንደሚችል አስተውል።

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳ ታሪክ ከከተማህ ደጅ ላይ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አድርገዋት ነበር። በአቅራቢያዋም ባለችው በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ሠራተኞችን አስቀመጡ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ስዊስ ውስጥ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ፤ የላካቸውም ከዚህ ቀደም በአገራችን የነበረው፥ በኋላም በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነው። አሳቡም በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከወንጌል መጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። እነርሱም ሙያው የለንም ቢሉ አልተለቀቁም፤ እየተሳሳቱ፥ እየደጋገሙ ሞክረው በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ታላቅ መድፍ አፈሰሱ።

ቀጥሎ የሆነውን ታውቃለህ። በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ አልነበረም። ገደሉን እየናዱ፥ ድንጋዩን እየፈለጡ መንገድ ማበጀት ነበረባቸው፤ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በዚያ ሥራ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በድንኳን ተቀምጠው አላዘዙም። እንደ ተራ ሠራተኛ በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ፥ ከሰው ፊት ቀድመው እየሠሩ፥ ላባቸው እየፈሰሰ ታዩ። አብረዋቸው የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ይህን አይተው ጽፈዋል።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ድንጋይ የተሸከመ ንጉሥ! ከዚህ የሚበልጥ ምን ትሕትና አለ? የእኛ አገር መኳንንት እንኳን ድንጋይ ሊሸከሙ በቅሏቸው ላይ ሲቀመጡ በሌላ ሰው ትከሻ ይደገፉ ነበር። እኔም ዐፄ ቴዎድሮስን ከልጅነቴ ጀምሬ እወዳቸዋለሁ፤ አሁንም መውደዴን አልተውሁም። ነገር ግን ይህን ድንጋይ ባሰብሁ ቍጥር የተቃጠለችው ከተማ ከኋላቸው ትታየኛለች። ከዚያ አስቀድሞ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርም ተቃጥላ ነበር። ጀርባቸው ከድንጋዩ በታች ጐንበስ አለ፤ ፈቃዳቸው ግን ከምንም ነገር በታች አልጐነበሰም። ሰውነታቸውን ለድካም ሰጡ፤ አሳባቸውን ግን ለማንም፥ ለመካሪም ለሚያለቅሰውም ሕዝብ፥ አልሰጡም። እንግዲህ ሰው እንቅልፉን፥ ምግቡን፥ ክብሩንና ሕይወቱን እንኳ ሊተው ይችላል፤ "እኔ ያልሁት ይሁን" የምትለውን አንዲት ቃል ግን ሳይተዋት ሊቀር ይችላል። እርሷን ያልተወ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢተው፥ የተወው ለእርሷ መሥዋዕት አድርጎ ነው። በሚያዝያ ወር በመቅደላ የሆነውን ፍርድ ለፈራጁ እተዋለሁ።

ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዘመን ከዘመቻ ተመልሰው ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኑ ይባላል። ይህን የምጠቅሰው ሁለቱን ነገሥታት ለማበላለጥ አይደለም። አንዱ ዘውዱን ተወ፥ ሌላው ዘውዱን እንደ ጫነ ድንጋይ ተሸከመ፤ በዓይን ሲታይ የሁለተኛው ሥራ ይበልጥ ይከብዳል። ዳሩ ግን የሥራው ክብደት የተተወውን ነገር አይለካም።

የጋፋትም ሰዎች ነገር ያሳስበኛል። እነርሱ ለስብከት መጥተው መድፍ ሲያፈስሱ ምን ብለው ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር? ምናልባት "ፈቃዳችንን ትተን ለንጉሥ ታዘዝን፤ ይህም ትሕትና ነው" ብለው ይሆናል። በንጉሡ እጅ ነበሩና የሚፈርድባቸው ሰው በእነርሱ ስፍራ ራሱን አስቀምጦ ይፍረድ። ነገር ግን እኛ ከእነርሱ አንድ ነገር ልንማር ይገባናል፤ ይኸውም ራስን መካድና ሕሊናን መካድ አንድ እንዳይደሉ ነው። ፈቃዴ የእኔ ስለ ሆነ ልተወው እችላለሁ። ሕሊናዬ ግን በአደራ የተሰጠኝ ነው እንጂ የእኔ ሀብት አይደለም፤ የአደራ ገንዘብ አውጥቶ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ለጋስ አይባልም። ከእነርሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከመቅደላ ከወጣ በኋላ ወደ ሊባኖስ አገር ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፥ በኋላም በአስፉርያ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበትን ሆስፒታል አቋቋመ። በዚያ አገር አእምሮው የታመመ ሰው በሰንሰለት ይታሰር ነበርና። መድፍ ያፈሰሰ እጅ በስተርጅናው የእብዶችን ሰንሰለት ሊፈታ ደከመ። ስለ ጋፋት ዘመኑ ያሰበው ነገር ወደዚህ እንዳመጣው እገምታለሁ።

ስለዚህም ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። ራስን የመካድ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ለማን ነው? ለሠራተኛይቱ፥ ለታናሽ ወንድም፥ ባሏ ለሚመታት ሚስት፥ ደመወዙ ለተከለከለ ሰው ይሰበካል። "ቻዪው፥ ራስሽን ዝቅ አድርጊ፥ መስቀልሽ ነው" ትባላለች። የሚሰብከው ግን እጁን የሚያስታጥበው ሰው ያለው፥ በወንበር የሚቀመጥ ሰው ነው። ወንጌሉን እንደማነበው ከሆነ ጌታችን ይህን ትምህርት የሰጠው ስለ ታላቅነት ለሚከራከሩ ሰዎች ነው። ሕፃንንም ወስዶ በአጠገቡ ያቆመው ሕፃኑን ትሕትና ሊያስተምር አልነበረም። በእጁ ምንም የሌለውን ሰው "ልቀቅ" ማለት ፌዝ ነው። አንተ በቤትህ የምታዝዝ፥ በመሥሪያ ቤትህ የምትፈርም፥ በማኅበርህ የምትናገርና የምትደመጥ ብትሆን፥ ይህ ጽሑፍ ለአንተ ነው፤ ወስደህ ለሠራተኛህ አታንብብላት።

አሁን ወደ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ እንመለስ። ስለ አለቃ ገብረ ሐና ቀልድ የማይሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ ሰው ግን ከቀልዳቸው በቀር አያውቅላቸውም። እኒህ የፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ በዜማና በአቋቋምም የታወቁ ነበሩ። እንደሚነገረው፥ የጣና ማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፥ ሸምበቆውም በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው፥ መቋሚያና ጸናጽል የያዘ ካህን እንደዚያ እየተወዘወዘ የሚያመሰግንበትን አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። የአባቶች ሥርዓት ባለበት አዲስ ነገር ምን ያደርግልናል አሉ። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር አምጥቶ አስተማረው። በደብረ ታቦር ተተከለ፤ ከደብረ ታቦርም ወደ ሌላ አገር ተሰራጨ። እስከ ዛሬም ድረስ የተክሌ አቋቋም ተብሎ ይጠራል።

የተክሌ! የገብረ ሐና አይደለም። አባት ወለደው፥ ልጅ ተሸከመው፥ ስሙም ለተሸካሚው ቀረ። አለቃ ይህን ወድደው ይሁን ወይም ሳይወድዱ፥ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። አንደበታቸው እንደ ምላጭ የተሳለ፥ በነገር ማንንም የማያሳልፉ ሰው ስለ ነበሩ፥ በቀላሉ የተውት አይመስለኝም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራውን ከነስሙ ይዘው በጎንደር ተከራክረው ቢቀሩ ኖሮ፥ ሥራው ከእርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር። ሥራው የዳነው ከእጃቸው ስለ ወጣ ነው። ዛሬ በበዓል ቀን በማሕሌት ሌሊት ካህናቱ ነጭ ለብሰው በሁለት ወገን ተሰልፈው ሲወዛወዙ፥ ከበሮው ሲመታ፥ ጸናጽሉ አንድ ሆኖ ሲሰማ፥ የማን አሳብ እንደ ነበረ የሚጠይቅ የለም። ከሚወዛወዙትም መካከል የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ከሩቅ አይለይም። ከአንድ ካህን በቀር ሁሉ ወደ ቀኝ ቢያዘነብሉ፥ ያ አንድ ካህን ወደ ግራ ቢያዘነብል፥ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። መታየት የሚፈልግ ሰው በማሕሌት ውስጥ ሊያደርገው የሚችለው ነገር መሳሳት ብቻ ነው።

ሌላም አንድ ነገር ከዚሁ ትምህርት ቤት ልጨምር። ባለቅኔ ቅኔውን የሚያቀርበው ለዚያ ቀን፥ ለዚያ በዓል አዲስ አድርጎ ነው። የትናንቱን አይደግምም። ሌሊቱን ሙሉ የደከመበት፥ መምህሩ ያረመው፥ አድማጭ "ይበል!" ያለው ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ ይለቀቃል። የወደደ ሰው ይዞት ይሄድ ይሆናል፤ ካልሆነም በዚያው ይቀራል። በማግሥቱ ባለቅኔው ባዶ እጁን ሆኖ እንደ ጀማሪ ይነሣል። ከዚህ የተሻለ የመልቀቅ ትምህርት በሌላ አገር ያለ አይመስለኝም፤ ምናልባት ግን የአገሬ ነገር ስለ ሆነ አዳልቼ ይሆናል።

አዳልቼ ይሆናል ማለቴም ለሌላ ነገር በር ይከፍታል። "እኔ" የሚለውን የካደ ሰው ብዙ ጊዜ "እኛ" በሚለው ልብስ ተሸፍኖ ይመለሳል። ስለ ራሱ አንዲት ቃል የማይናገር ትሑት ሰው፥ ስለ አጥቢያው፥ ስለ ወገኑ፥ ስለ ሃይማኖቱ ክፍል፥ ስለ ትምህርት ቤቱ በተነሣ ጊዜ ፊቱ ሲለዋወጥ ታየዋለህ። ዮሐንስ ያንን አጋንንት የሚያወጣ ሰው የከለከለው "እኔን አልተከተለም" ብሎ አልነበረም፤ ከእኛ ጋራ ስላልሆነ ነው እንጂ። እሳትም የተለመነው ለጌታ ክብር ተብሎ ነው። የእኔን ክብር ብፈልግ ነውር እንደ ሆነ አውቃለሁና አፍራለሁ። የእኛን ክብር ስፈልግ ግን ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኛልና አላፍርም። ስለዚህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይከፋል። በዘመናችን በአገራችን የፈሰሰው ደም ምን ያህሉ "ለእኔ" ተብሎ፥ ምን ያህሉስ "ለእኛ" ተብሎ እንደ ፈሰሰ አንተው ቍጠረው።

የሌላውን ሰው ነገር ብዙ ተናገርሁ፤ አሁን የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የአጥቢያ ሥራ ገንዘብ ሲሰበሰብ እኔም እንደ አቅሜ ሰጠሁ። በአገራችን እንዲህ ባለ ጊዜ የሰጭዎች ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ እልል ይባላል፤ በስልክም ፎቶግራፍ ይነሣል። እኔ በልቤ ይህን ልማድ እነቅፈው ነበር። ስለ ተዝካርም ስከራከር ሟቹን ሳይሆን የባለቤቱን ስም ለማስጠራት በሬ ተሸጦ፥ ገንዘብ ተበድሮ የሚወጣ ተዝካር ምን ይረባል እያልሁ ብዙ ሰው ገሥጫለሁ። በዚያን ቀን ስሞቹ ሲጠሩ በስተኋላ ቁሜ እሰማ ነበር። ከእኔ ያነሰ የሰጡት ተጠሩ። ጎረቤቴ ተጠራ። ዝርዝሩ አለቀ፤ ስሜ አልተጠራም።

አንባቢ ሆይ፤ እውነቱን ልንገርህ። በዚያች ሌሊት አልተኛሁም። "ስሜ ባይጠራ ምን ይለኛል?" እያልሁ ራሴን አጽናናሁ፤ ያጽናናሁት ራሴ ግን አልጽናናም አለኝ። ከዚያ አንድ የተሻለ ምክንያት አገኘሁ፤ "የገንዘብ ነገር ነውና ሒሳቡ እንዳይጠፋ መጠየቅ ይገባል፤ ይህ ስለ ስም ሳይሆን ስለ ታማኝነት ነው" አልሁ። ምክንያቱ እጅግ መልካም ነበር። በማለዳ ተነሥቼ መዝገብ ወደሚይዙት ሽማግሌ ሄድሁ። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡና "የእርስዎ ገንዘብ ገብቷል፤ ድምሩ ውስጥ አለ፤ ስምዎ ብቻ ነው የቀረ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእኔ ስሕተት ነው። ልጻፈው ወይስ እንዲሁ ይቅር?" አሉኝ።

ሽማግሌው ተንኰል አልነበረባቸውም፤ በቅንነት ነው የጠየቁኝ። ሒሳቡ እንዳልጠፋ አውቄአለሁ። የመጣሁበት መልካም ምክንያት በዚያች ደቂቃ አልቆ ነበር። የቀረው ሌላው ምክንያት ብቻ ነበር።

አንተ በእኔ ስፍራ ብትሆን ምን ትል ነበር? ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ይህን አስብ። ለማን አንዳች ነገር አደረግህ? ለማንስ አወራኸው? በጉባኤ የተናገርኸውን ቃል ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ ቢናገረው፥ ነገሩ መልካም ስለ ሆነ ደስ አለህን ወይስ ሆድህ ተቃጠለ? ያስተማርኸው ልጅ ሲያድግ የሌላ መምህር ስም ሲጠራ ሰምተህ ምን አልህ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኔ በየሌሊቱ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ብርታት ያገኘሁበት አንድ ነገር ቢኖር ጌታችን ከተራራው በወረደ ጊዜ ከታች የጠበቀው ነገር ነው። አንድ አባት አንድያ ልጁ ታሞበት ይጮኽ ነበር። ዳስ ሊሠራ ያሰበው ጴጥሮስ በዚያ ጩኸት ፊት ዳሱን ማሰቡን የቀጠለ አይመስለኝም። ሰው ራሱን ለመርሳት ቢታገል ራሱን ይበልጥ ያስታውሳል፤ የታመመ ልጅ በፊቱ ቢጮኽ ግን ሳያውቀው ራሱን ይረሳል። ከደብረ ታቦር በላይ በጉና ብርድ የሚኖሩት ሰዎች ሌሊት በሽተኛ በቃሬዛ ሲያወርዱ፥ ከተሸካሚዎቹ ማን ስንት እርምጃ እንደ ተሸከመ የሚቈጥር የለም። አንዱ ሲደክም ሌላው ትከሻውን ያስገባል፤ ስሙን የሚጠይቀውም የለም።

ለሽማግሌው ግን "ይጻፉት" አልኋቸው። በሰማያዊ ቀለም ጻፉት። ቦታ ስላልነበረ ከመስመር በታች፥ ከሌሎቹ ስሞች ይልቅ ጎላ ብሎ የሚታይ ሆነ። እስከ ዛሬም በዚያ መዝገብ ላይ አለ።